ባዮቴክኖሎጂንና የንግድ ዕውቀትን በአንድ ዲግሪ ስለ ማስተማር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)





 የምናገርበት ጉዳይ ከቤተ ሙከራው ግድግዳ አልፎ የሚሄድ በመሆኑ፣ ከመጻሕፍት አስቀድሜ ከመንገድ ብጀምር የተሻለ መስሎ ታይቶኛል።

ከቃሊቲ ተነሥቶ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ ቂሊንጦ የሚጓዝ ሰው በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ሦስት ነገሮችን ያያል። አንደኛው በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ባዮቴክኖሎጂን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። ሁለተኛው የሃይኔከን ቢራ ፋብሪካ ነው፤ ሥራው ሁሉ እርሾ በምትባል፣ ዐይን በማያያት ፍጡር ላይ የቆመ ነው። ሦስተኛው ለመድኃኒት አምራቾች ታስቦ የተሠራው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካውን እድፍ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፤ በዳርቻውም ጎመንና ሰላጣ በዚያው ውኃ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ።

እንግዲህ የሚያስተምረው፣ የሚያመርተውና መፍትሔ የሚጠብቀው ችግር በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጉርብትና ብቻውን ትውውቅ አይሆንም። ተማሪያችን ዲግሪውን ይዞ በወጣ ጊዜ የፋብሪካውን በር በምን አንደበት እንደሚያንኳኳ ግራ ሲገባው እናያለን። የረቂቅ ሕዋሳትን ጠባይ ተምሯል፤ የወጪን፣ የውልንና የምዝገባን ነገር ግን ያስተማረው የለም።

በዚህ ረገድ ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከዓመታት በፊት በቤተ ሙከራ ውስጥ የሙዝ ችግኝ በቲሹ ካልቸር ማራባትን ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አነሣችና፣ «መምህር፣ ይህች አንዷ ችግኝ ስንት ብር ታወጣለች?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም፣ «እርሱ የነጋዴ ጥያቄ ነው፤ እኛ ወደ ሥራችን እንመለስ» ብዬ አለፍኳት። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጅቱም ዳግመኛ አልጠየቀችም። እውነቱን ለመናገር፣ ያለፍኳት መልሱን ስለማላውቀው ነበር። በማዕረግ ከተመረቀች በኋላ ከትምህርቷ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ሥራ ላይ እንዳለች ሰማሁ። ለዚህ ምክንያቱ እኔ ብቻ ነኝ ባልልም፣ ከጥፋቱ ድርሻ እንዳለኝ አምናለሁ።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር እንግዲህ ይህ ነው፦ የልጅቱ ጥያቄ የሳይንስ ጥያቄ ነበር፤ መልሱም በትምህርት ዝግጅታችን ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ሁለቱን ዕውቀቶች የለያየው ትምህርት ቤት እንጂ የሥራው ባሕርይ አይደለም። ጠላ ጠምቃ በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድገውን እናት እንመልከት። ብቅሉ መቼ እንደሚደርስ፣ ጥንስሱ መቼ እንደሚነሣ፣ ጋኑ በወይራ ጢስ ካልታጠነ ምን እንደሚከተል አሳምራ ታውቃለች። የገብስና የጌሾ ዋጋ በናረ ጊዜ በስንት ሸጣ ከኪሳራ እንደምትድን፣ ለማን በዱቤ እንደምትሰጥ፣ አተላውን ለየትኛው ከብት አርቢ እንደምታስረክብ ደግሞ በዚያው ጭንቅላቷ ታሰላለች። ባዮቴክኖሎጂ የሚለው ቃል ራሱ የተወለደው በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ቃሉን የመጽሐፉ ርእስ ያደረገው ሃንጋሪያዊው መሐንዲስ ካሮይ ኤሬኪ የጻፈው፣ በትልልቅ እርሻዎች ሥጋን፣ ስብንና ወተትን ስለ ማምረት ነበርና።

ዕውቀቱ ሲከፈል የሚደርሰውን ጉዳት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በወራጁ ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ በመሆኑ፣ ድኻው ሕዝብ በደጁ በሚበቅል ተክል ራሱን ሊከላከል የሚችልበት መንገድ ተገኘ። ሳይንሱ የተመሰገነ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን አንድ ግኝት ተመዝግቦ በሰፊው ሥራ ላይ እንዲውል ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ የመርዛማነት ምርመራ፣ ለዚያም ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ይህ እስኪሟላ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። በኋላ በአሜሪካ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን የዜብራ ዛጎል እንደሚገድል በተረጋገጠ ጊዜ፣ ፓተንቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ስም ተመዘገበ። ተክሉ የእኛ፣ ልማዱ የእናቶቻችን፣ ማስተዋሉ የሊቃችን ሆኖ ሳለ ሰነዱ የሌላ ሆነ።

የጤፍ ታሪክ ከዚህ ይቀርበናል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ ተቋማት ጤፍን ለመጠቀም ፈቃድ ከጠየቀ አንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተፈራረሙ፤ ከጥቅሙም ለአገራችን ድርሻ እንዲደርሳት ተስማሙ። ሆኖም ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የፓተንት ማመልከቻ በሆላንድ አገር የቀረበው ከውሉ አስቀድሞ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ከኪሳራው ተርፎ በሌሎች እጅ ቀረ። ጉዳዩን ያጠኑ የኖርዌይ ተመራማሪዎች እንደ ገለጹት፣ ኢትዮጵያ ከውሉ ያገኘችው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ገደማ ብቻ ነበር። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት፣ የተባለው ዘዴ የፈጠራ ብቃት የለውም በማለት በሆላንድ ያለውን ፓተንት ሰረዘው። ልብ በሉ፤ ይህ ፍርድ የተገኘው ሁለት የሆላንድ ድርጅቶች እርስ በርሳቸው በመካሰሳቸው ነው።

በእነዚህ ሁለት ታሪኮች ውስጥ ሳይንቲስት አልጠፋም። የጎደለው፣ ተክሉን በሚያውቀውና ውሉን በሚያነበው መካከል የሚቆም፣ ሁለቱንም የሚያስተውል ሰው ነው። የጠለቀ የሥነ ሕይወት ዕውቀት የሌለው የሕግ ባለሙያ የዱቄት አዘገጃጀት ፓተንት ምን ያህል እንደሚደርስ ሊገምት ያስቸግረዋል፤ የፓተንት መዝገብ ከፍቶ የማያውቅ ሳይንቲስትም እንዲሁ። በአንጻሩ የቡናችንን ስሞች፣ ሲዳሞን፣ ይርጋጨፌንና ሐረርን፣ በንግድ ምልክትነት ለማስከበር በተደረገው ጥረት ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ መደረሱ፣ ምርቱንና ገበያውን አጣምሮ ማወቅ ምን እንደሚያስገኝ ያሳያል።

የውጭውን ዓለም ብንመለከት፣ የዘመናዊው ባዮቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪ ፈር ቀዳጅ የሆነው ጄኔንቴክ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው በሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው የባዮኬሚስትሪ ሊቁ ኸርበርት ቦየር ነው። ሁለተኛው ሮበርት ስዋንሰን በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በሥራ አመራር ደግሞ የማስተርስ ዲግሪ የያዘ ወጣት ነበር። በባክቴሪያ አማካይነት የሰው ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1978 ተሠራ፤ በ1982 ለሕሙማን እንዲሸጥ ተፈቀደ። ስዋንሰን የቦየርን ሥራ አልሠራለትም፤ ነገር ግን ቦየር የሚናገረው ይገባው ነበር። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ትምህርት ዝግጅታችን ልመለስ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት በሆነ ጊዜ፣ ሥራ ፈጠራ የሚባል ኮርስ ለሁሉም ተማሪ እንዲሰጥ ተደርጓል። ይህ መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። ተማሪው ስለ ንግድ የሚማረው ገና አንዲት ባክቴሪያ ሳያሳድግ በመሆኑ፣ ሳይንሱን በሚማርባቸው ዓመታት ያን ትምህርት ይረሳዋል። እንጀራውንና ወጡን በተለያየ ቀን እንደ ማቅረብ ነው።

ሁለቱ እንዴት በአንድ ማዕድ እንደሚቀርቡ ለማሳየት፣ ያቺ ተማሪ የጠየቀችኝን ጥያቄ ልመልስ። ለምሳሌ ያህል 100 የሙዝ ችግኝ በጠርሙስ ለማሳደግ 1,000 ብር ያስፈልጋል እንበል። ሁሉም ቢጸድቅ አንዱ ችግኝ 10 ብር ያወጣል። ነገር ግን 30ው በሻጋታና በባክቴሪያ ቢበላሽ፣ የቀሩት 70 ችግኞች የመቶውን ወጪ ስለሚሸከሙ የአንዱ ዋጋ 14 ብር ከ29 ሳንቲም ይሆናል። ብክለቱ ወደ 10 ዝቅ ቢል ደግሞ 11 ብር ከ11 ሳንቲም ይሆናል። እንግዲህ አየሩን ለማጥራት ለየመቶው ችግኝ 200 ብር ተጨማሪ ወጪ ቢጠየቅ ያዋጣልን? 1,200ን ለ90 ብናካፍል 13 ብር ከ33 ሳንቲም ስለሚሆን፣ አዎን፣ ያዋጣል። ወጪው ከ285 ብር ካለፈ ግን አያዋጣም። ይህን ያሰላ ተማሪ ንጽሕና ለምን እንደሚያስፈልግ በቃል የነገርኩትን ሁሉ በአንድ ገጽ ተረዳው ማለት ነው። የብክለት መጠን የሚለው አንድ ቁጥር በማይክሮባዮሎጂውም በሒሳብ መዝገቡም ላይ ይጻፋል፤ ትምህርቶቹን የሚያገናኘው ድልድይም ይኸው ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ሁለት የተለያዩ ዲግሪዎችን በአንድ ገመድ ማሰርን አይመለከትም። አንድ ምርት ከሁለተኛው ዓመት እስከ መጨረሻው ድረስ ተማሪውን ተከትሎ እንዲሄድ ነው። በሁለተኛው ዓመት፣ ባዮኬሚስትሪና ማይክሮባዮሎጂ በሚሰጥበት ጊዜ፣ እያንዳንዱ የቤተ ሙከራ ዘገባ በወጪ ገጽ ይደምደም፤ ኬሚካሉ፣ መብራቱ፣ የሰው ጉልበቱና የተበላሸው ሁሉ ይቆጠር። በሦስተኛው ዓመት ተማሪዎች በቡድን ሆነው አንድ ምርት ይምረጡ፤ የእንጀራ እርሾ፣ የእንጉዳይ ዘር፣ ለአፈር ማዳበሪያ የሚሆን ባክቴሪያ ወይም የፋብሪካን ፍሳሽ የሚያጣራ ዘዴ ሊሆን ይችላል። በዚያው ዓመት የጥራት ቁጥጥርን፣ የፓተንትን አነባበብ፣ የጀነቲክ ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482/1998ን፣ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001ንና በ2007 ዓ.ም. የወጣውን ማሻሻያ ከምርታቸው ጋር እያገናዘቡ ይማሩ። በአራተኛው ዓመት ወደ ፋብሪካ ወጥተው ምርቱ ከጠርሙስ ወደ ጋን ሲሸጋገር የሚገጥመውን ይዩ፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውንም የሳይንስና የሒሳብ አያያዝ መምህራን አብረው ይመርምሩት። በጠቅላላው ለንግዱ ትምህርት ከሰዓቱ አንድ አምስተኛ ያህል ቢመደብ ይበቃል ብዬ እገምታለሁ።

በዚህ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች አላቃልልም። አንዳንድ ባልደረቦቼ፣ «ሰዓቱ ለሳይንሱ እንኳ አይበቃም፤ ብታቀላቅሉት ሁለቱንም በግማሽ የሚያውቅ ሰው ታወጣላችሁ» ይላሉ። ሥጋቱ እውነት አለው። የኢንዛይምን አሠራር በቅጡ ያልተማረ ሰው ስለ ኢንዛይም ገበያ ቢናገር ከንቱ ነው። ስለሆነም ከመሠረታዊው ሳይንስ አንዲት ሰዓት እንኳ መቀነስ አይገባም፤ ቦታው መገኘት ያለበት እርስ በርሳቸው ከሚደጋገሙ ኮርሶች ነው። የወጪው ገጽም ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አይፈልግም፤ የመምህሩን ፈቃደኛነት ብቻ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው። «ሳይንቲስቱ ትርፍ ማስላት ከለመደ፣ እውነትን ለትርፍ ይሸጣል» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የምፈልገው ከአቃቂ ወንዝ ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ፣ በፋብሪካው መዝገብ ላይ ወጪ ተብሎ የሚጻፍ ነገር አይኖርም። ወጪው ግን አልጠፋም፤ ጎመን አልሚው፣ ጎመኑን የሚገዛው ቤተ ሰብና ከብቱን የሚያጠጣው አርሶ አደር ይከፍሉታል። ይህን የተሰወረ ሒሳብ ለይቶ በቁጥር ሊያሳይ የሚችለው በውኃው ውስጥ ያለውን የሚያውቅና ሒሳብም የሚችል ሰው ነው። ፍሳሹን በረቂቅ ሕዋሳት አጣርቶ ባዮጋዝ ማውጣት ለፋብሪካው የነዳጅ ወጪ እንደሚቀንስ አስልቶ ለሥራ አስኪያጁ ማቅረብ የሚችለውም እርሱ ነው። ሒሳብ የማያውቅ ሳይንቲስት ግን በስብሰባው ላይ ተገኝቶ እንኳ ዝም ይላል፤ በዝምታውም ወንዙ ይጎዳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ እኛ ስለ መምህራኑ ነው። ያልተማርነውን እንዴት እናስተምራለን? እዚህ ላይ ትሕትና ያስፈልገናል። የሒሳብ መምህሩን ወደ ቤተ ሙከራችን እንጋብዘው፤ እኛም በእርሱ ክፍል ከተማሪዎቻችን ጋር እንቀመጥ። የፋብሪካ ባለሙያዎች፣ ዲግሪያቸው ከእኛ ቢያንስም እንኳ፣ መጥተው ያስተምሩን። ማኅበራችንም ይህን ግንኙነት በማመቻቸት ረገድ ከማንም ይልቅ አመቺ ቦታ ላይ ይገኛል፤ አባላቱ በዩኒቨርሲቲም፣ በፋብሪካም፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም አሉና።

የተከበራችሁ አባላት፣

ሁሉም ተማሪ ነጋዴ ይሁን አላልኩም። ከመቶ ተመራቂ ጥቂቱ ድርጅት ያቋቁም ይሆናል፤ የሚበዛው በፋብሪካ፣ በምርምር ጣቢያ ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይቀጠራል። ሆኖም ነገ ስለ ጤፍ ወይም ስለ እንዶድ ሌላ ውል በቀረበ ጊዜ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ከሚቀመጡት መካከል ተክሉንም ሰነዱንም የሚያነብ ቢያንስ አንድ ሰው እንዲኖር እመኛለሁ። ያን ሰው ማፍራት የእኛ ኃላፊነት ነው።

ያቺ ተማሪ ዛሬ እዚህ ብትገኝ፣ ጥያቄዋን እንድትደግመው እለምናት ነበር። ከእንግዲህ በየክፍላችን እጇን የምታነሣ ሌላ ልጅ አትጠፋምና፣ መልሱን አዘጋጅተን እንጠብቃት።