ከሚኒባሱ ሥር ስለሚፈሰው ዘይት የተደረገ ንግግር

(በማኅበራችን ጸሐፊ ለወርኃዊው ስብሰባ የቀረበ ነው። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ተወስኗል።)



ዛሬ በአጀንዳ የተያዘው የሚኒባሱ ወጪ ነው። እንደሚታወቀው መኪናው የአንድ አባላችን ንብረት ሲሆን፣ ለቀብርም ሆነ ሌሊት ምጥ ለሚይዛት እናት ስንፈልገው ያለ ኪራይ ይሰጠናል። የእኛ ድርሻ ነዳጁንና ዘይቱን መቻል ነው። ታዲያ ባለፉት ሦስት ወራት በየአሥር ቀኑ አንድ ሊትር የሞተር ዘይት እየተባለ ከካዝናችን ገንዘብ ወጥቷል። በዚህ የተነሣ በሾፌሩ ላይ ብዙ ተወራ። «ዘይቱን የሚጠጣው መኪናው ሳይሆን እሱ ነው» ያለም ሰው አለ። ማን እንዳለ እናውቃለን፤ እዚህ ግን ስሙን አንጠራም። እኛም የኮሚቴው አባላት ብንሆን ጠርጥረናል፤ ይህን መደበቅ አይገባንም። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደተጣራ ማስረዳት ግዴታችን ነው።

መኪናው በሚያድርበት በመጋዘናችን ደጃፍ ሰፌድ የሚያህል የጠቆረ እድፍ አለ። ሁላችሁም ታልፉበታላችሁ። ሾፌሩ ይህን አይቶ መኪናውን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደው። እዚያም ከሥር ገብተው አዩና የዘይቱ ቋት ረጥቦ ስላገኙት «ኮፓው ነው የሚያፈሰው» ብለው የኮፓውን ጋስኬት ለወጡ። እኛም ከፈልን። ሳምንት ሳይሞላው እድፉ ተመልሶ መጣ። ሐሜቱም አብሮ ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ ከአባሎቻችን መካከል ለብዙ ዘመን የጭነት መኪና የነዱ አንድ አባት «እስቲ እኔ ልየው» ብለው መጡ። ይዘውት የመጡት አሮጌ ካርቶን፣ ጨርቅና አንድ ጠርሙስ ነጭ ጋዝ ብቻ ነበር። እኛ ቶሎ ከሥር የሚገቡ መስሎን ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ላይ ነው የሄዱት። የዚህ ሚኒባስ ሞተር ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ወንበሩን አስነሡና እንዲህ አሉን፦ «ቤታችሁ ሲያፈስ አስቡት። ውኃው በምስማሩ ቀዳዳ ይገባል፣ ወራጁን ይዞ ይሄድና ጠብ የሚለው ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። ዘይትም እንደዚያው ነው፤ ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የረጠበውን ሳይሆን ከረጠበው ሁሉ ከላይና ከፊት ያለውን ፈልጉ።»

ነገር ግን ሞተሩ በሙሉ ዘይትና የመንገዱ አቧራ ተላቁጦበት እንደ ጭቃ ጋግሯል። በዚያ ላይ ምንም አይታይም። ስለዚህ ሞተሩ በርዶ እያለ በነጭ ጋዝ አጠቡት። (ቤንዚን እንዳትሞክሩ፤ እሳት ነው። በነጭ ጋዝም ቢሆን ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገብ አይቁም።) በጨርቅ አድርቀው የሕፃን ፓውደር ነሰነሱበት። ከዚያ ሾፌሩ እስከ ገበያው ድረስ ደርሶ ተመለሰ። ምን ታየ መሰላችሁ? ከላይ ከቴስታታው ክዳን ጠርዝ ጀምሮ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ፓውደሩን እያረጠበ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ኮፓው ላይ ደርሷል። የክዳኑ ጋስኬት ደርቆ ተሰንጥቋል። ኮፓው ንጹሕ ነበር፤ ሾፌሩም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ነገሩ ቢያበቃ ኖሮ ንግግሩም ባጠረ ነበር። ማታ መኪናው ሥር ካርቶን ተነጥፎ አደረ። ጠዋት ስናየው ከጥቁሩ ጠብታ ሌላ በግራ የኋላ ጎማ በኩል ሳንቲም የሚያክል፣ ቀለም የሌለው እርጥበት አለ። ከእኛ አንዱ «ውኃ ነው፣ ሲታጠብ የቀረ ነው» ብሎ ሊያልፍ ነበር። አባታችን ግን በጣታቸው ነክተው አሙለጨለጫቸው። ጠብታውን ጠርገው በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሲያደርጉት ተቀላቀለ። የሞተር ዘይት ቢሆን ኖሮ ከላይ ይንሳፈፍ ነበር፤ የተለመደው የፍሬን ዘይት ግን ከውኃ ጋር ይዋሐዳል። ጎማውን ሲያዩት በውስጥ በኩል ረጥቧል። ተፈትቶ ሲታይ የፍሬኑ ሲሊንደር ጎማ አርጅቶ ወደ ከበሮው ውስጥ ያፈሳል።

በማግስቱ ይህ መኪና አሥራ ሁለት ሰው ጭኖ ለቀብር ሚኤሶ ሊወርድ ነበር። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ መንገዱ እንዴት ቁልቁል እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ሦስት ወር ሙሉ ስንጨቃጨቅበት የነበረው ትልቁ እድፍ የገንዘብ ጉዳይ ነበር። ያቺን ትንሽ ጠብታ ግን ማንም አላያትም። ለቀብሩ ሌላ መኪና ተከራየን፤ ወጪው የተመዘገበው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙዎቻችሁ ባጃጅ ወይም ኢሱዙ ያላችሁ፣ ከበዴሳና ከገለምሶ ጫት ለማድረስ የምትጣደፉ ስለሆናችሁ፣ ከአባታችን የሰማነውን ጨምረን እንንገራችሁ። ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ የሚያሙለጨልጭ የሞተር ዘይት ነው። ወፍራምና ሽታው የሚከብድ ከሆነ የካምቢዮ ወይም የዲፈረንሻል ነው። ቀይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የመሪ ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ያለው የራዲያተር ፈሳሽ ነው፤ እሱ መርዝ ስለሆነ ልጅም ፍየልም እንዳይቀምሰው በቶሎ ይጠረግ። ማቀዝቀዣ ያለው መኪና በሙቀት ጊዜ ንጹሕ ውኃ ቢያንጠባጥብ ግን አትደንግጡ፣ የጤና ነው።

የፍሬን ዘይት ሲጎድል የሞተር ዘይት የሚሞላ ሰው እንዳለ ሰምተናል። ኧረ ተዉ! የፍሬኑን ጎማዎች ያሳብጣቸውና ያበላሻቸዋል። የፍሬኑ ሸራ ሲያልቅም ዘይቱ በዝግታ ዝቅ ይላል፤ ቶሎ ቶሎ ከጎደለ ወይም ፔዳሉ ሲረገጥ ከሰመጠ ግን መኪናውን አቁሞ ሜካኒክ መጥራት ነው እንጂ እየሞሉ መሄድ አይደለም። ደግሞም በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግ፣ ጎማውም በድንጋይ ይታገድ።

የጋስኬቱ፣ የፍሬኑ ሲሊንደርና የእጅ ሥራው ደረሰኝ ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ ተለጥፏል። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ለዘይት የወጣ ገንዘብ የለም። ለሾፌሩ የኮሚቴው አባላት ቤቱ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ በእሱ ላይ ያወራችሁም መንገዱን ታውቁታላችሁ። መኪናው ሥር በየማታው ካርቶን ይነጠፋል። ልጆች ለጨዋታ እየወሰዱት ስለሆነ ወላጆች እንድትነግሩልን እንጠይቃለን።