አቧራን ከላይ ማየት

 

ተራራ ላይ ቆማችሁ መንደራችሁን ስታዩ፣ ጭሱ ከማን ቤት እንደሚወጣ ትለያላችሁ አይደል? ሳተላይት የሚባለው ሰው ሠራሽ መሣሪያም እንዲሁ ነው፤ ተራራው ብቻ እጅግ ረዘመ። አንዳንዱ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሳለ በየ10 ደቂቃው ምድርን ፎቶግራፍ ያነሣል።

በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. ከሰሐራ በረሃ ብዙ አቧራ ተነሣ። ነፋስም ወደ ምዕራብ ነዳው፤ አትላንቲክ ውቅያኖስን አሻግሮ፣ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወስዶ፣ የካሪቢያን ደሴቶች ላይ ጣለው። ታዲያ አቧራው ገና ባሕር ላይ ሳለ የደሴቶቹ ሰዎች መምጣቱን ሰምተው ነበር። ባለሙያዎች ፎቶግራፎቹን ደርድረው፣ «ትናንት የት ነበር? ዛሬስ የት ደረሰ?» እያሉ ይከተሉት ነበራ! እንዲህ ያለው አቧራ ከዱቄት የላመ ስለሆነ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አስም ያለባቸው ከቤት እንዳይወጡ ተመከሩ።

ጭስና አቧራስ በምን ይለያሉ? አቧራ ቡናማ ነው፤ ከሰፊ ሜዳ ይነሣል። ጭስ ግን ግራጫ ነው፤ ሥሩን ብትከተሉት እሳት ዘንድ ያደርሳችኋል። እሳቱን ሳተላይቱ በሙቀቱ ያውቀዋል፣ በሌሊትም ቢሆን። ወፍራም ደመና ከሸፈነው ግን አያይም። ያን ጊዜ መሬት ላይ ያለውን ሰው መጠየቅ ነው።