የግቢያችን አፈር በበር እንዳይወጣ



ይህን ንግግር በሬዲዮ የሰማችሁ ሰዎች አሁን በጽሑፍ አግኝታችሁታል። በጆሮ ብቻ የገባ ነገር ቶሎ ይረሳል። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የከበዳችሁ ቃል ቢኖር አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

የዛሬው ወሬያችን ስለ ግቢ ነው። ስለ ጫካ አይደለም፤ ስለ ትልቅ እርሻም አይደለም። ከቤታችሁ በር እስከ አጥራችሁ ድረስ ስላለችው ቁራጭ መሬት ነው። በዚያች መሬት ላይ የሚወርደው ዝናብ ወዴት ይሄዳል? ሲሄድስ ምን ይዞ ይሄዳል?

በመጀመሪያ እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ቤቴ ደሴ ነው፤ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ቁልቁለት ላይ። የደሴን ክረምት ያየ ያውቀዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት «ጭቃ ሰለቸኝ» አልኩና ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ሣር አስነቅዬ ሊሾ አስደረግኩት። የጣሪያውን አሸንዳም ወደ ግቢው ታችኛው ጥግ አዞርኩት። ግቢው አማረ። የመጣ እንግዳ ሁሉ አደነቀልኝ።

ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ከጣሪያው የወረደውና በሊሾው ላይ የተንሸራተተው ውሃ አንድ ላይ ገጠመ። ጎመን የተከልኩበትን መደብ ሰንጥቆ ወጣ። እኔ ተኝቻለሁ። ውሃው ግን ከእኔ በታች ወደሚኖሩት ጎረቤቴ ማድቤት ገባ። ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እማማ ናቸው። በሳፋ ሙሉ ጭቃ ይዘዋል።

«እማማ፣ ምንድን ነው እሱ?» አልኳቸው።

«ያንተው አፈር ነው፣ ልጄ። ሌሊት መጥቶብኝ ነው፤ መልሼልሃለሁ» አሉኝ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወርጄ ባይ ለዓመት ቀለብ ያስቀመጡት ጤፍ ርሷል፤ ምድጃቸው በጭቃ ተሞልቷል። ጤፉን ልተካላቸው ብል እንኳ ግማሹን ብቻ ነው የተቀበሉኝ። ወደ ቤት ተመልሼ ሳፋው ውስጥ ያለውን ጭቃ በእጄ ዘገን አደረግኩት። ጥቁርና ለስላሳ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ፍግ ያጠጣሁት አፈር ነበር።

እማማ ቤት ባይቆም ኖሮ ያ አፈር የት ይደርስ ነበር? ከሠፈሩ ቦይ ወደ ቦርከና ወንዝ፣ ከቦርከና ወደ አዋሽ ነበር የሚወርደው። አዋሽ ባሕር አይደርስም። አፋር ምድር ተጉዞ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የሄደውን አፈር ከዚያ ማን ይመልሰዋል? ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ለም አፈር በተፈጥሮ እስኪፈጠር ድረስ በመቶዎች የሚቆጠር ዓመት ይፈጃል። ውሃ ግን በአንድ ሌሊት ይወስደዋል።

አሁን ቁጥር ስለምታውቁ አብረን እናስላ። እርሳስ ያዙ።

የቤታችሁ ጣሪያ 8 ሜትር በ5 ሜትር ነው እንበል። 8 ሲባዛ በ5፣ 40 ካሬ ሜትር ይሆናል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ጥሩ ዝናብ ቢዘንብ፣ ከጣሪያችሁ 400 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ይህ ሁለት ትልልቅ በርሜል፣ ወይም 20 ጄሪካን ነው። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አገር ደግሞ 40,000 ሊትር ይሆናል። ጥቂቱ ይተናል፤ ጥቂቱ ይፈናጠራል። ቢሆንም ውሃ ከሩቅ የምትቀዱ ሰዎች ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ አንብቡት። በጀርባችን እየተሸከምን የምናመጣውን ውሃ በራሳችን ጣሪያ እያፈሰስን፣ አፈራችንንም አብረን እንሰድዳለን።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚሮጥ ውሃ ይቆፍራል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ ግን መሬት ውስጥ ይሰርጋል። ሥራው ሁሉ ውሃውን ከሩጫ ማብረድ ነው።

እኔ መጀመሪያ ድንጋይ ደረደርኩ። ቁልቁለቱን አቋርጬ አግድም መደርደሬ ልክ ነበር። ነገር ግን በዓይኔ ገምቼ ስለሠራሁት አንዱ ጫፍ ዝቅ ብሎ ኖሯል። ውሃው ሁሉ ወደዚያ ጫፍ ሄዶ ድርድሩን ሰብሮ ወጣ። ከማይሠራ ሥራ ይልቅ የተሳሳተ ሥራ ይብሳል ያልኩት ያን ጊዜ ነው። በኋላ አንድ ግንበኛ መላውን አሳየኝ። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚሏትን፣ ውስጧ የሚታይ ቀጭን ጎማ ውሃ ትሞላላችሁ። ሁለቱን ጫፍ ሁለት ሰው ቀጥ አድርጎ ይይዛል። በሁለቱም ጫፍ ውሃው እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ድንጋዩን በዚያ ልክ ደርድሩት። ከድርድሩ ሥር ሣር ትከሉ፤ ድንጋዩን ሥሩ ይይዘዋል።

ይህ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። የኮንሶ ሰዎች ከ400 ዓመት በላይ ተራራቸውን በድንጋይ እርከን ይዘው ኖረዋል። በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ የኮንሶን እርከን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እነሱ ተራራ ከያዙ እኛ አንድ ግቢ አያቅተንም።

ቀጥሎ ሊሾውን ግማሹን አስፈረስኩት። ገንዘቤን አስቤ አዝኛለሁ፤ አልዋሻችሁም። መሄጃ መንገድ ብቻ ትቼ በቀረው ላይ ሣር መለስኩ። የአሸንዳውን ውሃ ደግሞ ወደ በርሜል አዞርኩት። በርሜል የምታስቀምጡ ሰዎች እነዚህን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚመጣ አታጠራቅሙት፤ ይፍሰስ። በርሜሉን ክደኑት፤ ካልተከደነ ትንኝ ይራባበታል፣ ሕፃንም ሊገባበት ይችላል። ውሃው ለአትክልት፣ ለልብስና ለዕቃ ይሁን። ሳይፈላ አይጠጣም።

በርሜሉ ሲሞላ የሚተርፈው ውሃ ድንጋይ ወደሞላሁበት ጉድጓድ ይወርዳል። ጉድጓዱ አንድ ሜትር ጥልቀት አለው። ከቤታችሁም ከጎረቤታችሁም ግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ቆፍሩት፤ ከሽንት ቤትና ከውሃ ጉድጓድ አጠገብ ግን ፈጽሞ አይሁን።

ባዶ መሬት አትተዉ። የዝናብ ጠብታ ባዶ አፈር ላይ ሲወድቅ አፈሩን ይበትነዋል። ሣር ወይም ቅጠል ላይ ሲወድቅ ጉልበቱ ይሰበራል። የወደቀ ቅጠል ጠርጋችሁ አታቃጥሉ። ከአትክልት ልጣጭ፣ ከአመድና ከእበት ጋር ከምሩት፤ በመጠኑ አርጥቡት፤ በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት። ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ብስባሽ ይሆናል። ፌስታል አይግባበት፤ ፌስታል አይበሰብስም። እበት ኩበት ሆኖ ምጣድ ሥር እንደሚነድ አውቃለሁ። እንጨት ያጣ ሰው ምን ያድርግ? እኔ አልፈርድበትም። የቻለ ግን ከአሥር እፍኝ አንዱን ለአፈሩ ይተውለት።

ስለ ዛፍም አንድ ነገር ላንሣ። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባው የማገዶ እንጨት በማለቁ ነበር። ውለታው ብዙ ነው፤ ጎጆ የሠራንበት፣ እንጀራ የጋገርንበት እሱ ነው። ነገር ግን ከጎመን መደብና ከምንጭ አጠገብ አትትከሉት፤ ውሃውን ይሻማችኋል። ለግቢ ግራዋ ጥሩ ነው፤ ጋን ያጥባል፣ አጥር ይሆናል። ጌሾም ጥሩ ነው። ቦታ ካላችሁ ወይራ ወይም ኮሶ ትከሉ። ችግኙን ስትተክሉ ፌስታሉን አውልቁ። ሥሩ በፌስታል ታስሮ ስንት ችግኝ ደርቋል መሰላችሁ!

የእኔ ግቢ አሁን እንደ ድሮው አያምርም። ዝናብ ሲበረታ አሁንም ጥቂት ውሃ ይወጣል፤ ግን ጠርቶ ነው የሚወጣው። እማማም ለብስባሹ ክምር የቡናቸውን አተላ በዚያው ሳፋ ያመጡልኛል።

በሚቀጥለው ዝናብ ከደጃፋችሁ ቆማችሁ ተመልከቱ። ውሃው ከየት ይነሣል? በየት ይወጣል? ቀለሙስ ምን ይመስላል? ሲያባራ የግቢያችሁን ሥዕል በደብተራችሁ ሳሉ። ቤቱን፣ በሩን፣ የውሃውንም መንገድ በቀስት አመልክቱ። ከሥሩም የወሩን ስምና ቀኑን ጻፉ።

ደኅና ሁኑ።