የአይጥ መግቢያና የቤት ሠሪው ድርሻ



የአይጥ ነገር በተነሣ ቁጥር የሚታሰበው ድመት ወይም መርዝ ነው፤ ቤቱን የሠራውን ባለሙያ የሚጠይቅ የለም። አንድ አይጥ በቀን 25 ግራም ያህል እህል ብትበላ፣ ዐሥር አይጦች በዓመት ከ90 ኪሎ በላይ ይጨርሳሉ፤ ይህም በሽንታቸው የሚበላሸው ሳይቆጠር ነው። ዚንክ ፎስፋይድን የመሰለ መርዝ ቀምሳ ሳትሞት የቀረች አይጥ አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያ ምግብ አትመለስም። ሳይበላ የተረፈው መርዝ ግን ድመቷንና ሕፃኑን ይጠብቃል።

የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ጭቃና እንጨት አይበግራትም። ለትንሿ የቤት አይጥ 6 ሚሊሜትር ክፍተት ይበቃታል። በጣሪያው ቆርቆሮና በግድግዳው መካከል የሚተወው ክፍተት ደግሞ ብዙ ጊዜ እጅ ያስገባል፤ በአቡጀዲው ኮርኒስ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚሰማው ሩጫ መነሻው ይኸው ነው። ይህ ክፍተት በሲሚንቶ ወይም ዓይኑ በጠበበ የሽቦ ወንፊት ሊደፈን ይገባል።

ጎተራ ሲሆን ወለሉ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በእግሮች ላይ ይቁም፤ በየእግሩም እንደ አክንባሎ የተደፋ የቆርቆሮ ቆብ ይደረግበት። ወጪው ትንሽ ነው። ጎተራውን ተደግፎ የቆመ መሰላል ወይም ሞፈር ካለ ግን ቆርቆሮው ሁሉ ከንቱ ነው።