ቤዙ የት ገባ?

(የሃርድ ሮክ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ድራሙ ይደበደባል፣ ጊታሮቹ ይጮኻሉ፤ ቤዙ ግን የለም። ለምን?

ወፍራም ድምፅ ጉልበት ይበላል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ያን ድምፅ አጉልቶ ለማውጣት ብዙ ዋት ይጠይቃል። ጊታሪስቱ በ100 ዋት ሲያጓራ ቤዚስቱ 300 ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

አምፔግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው ኤስቪቲ የተሰኘ የቤዝ አምፕሊፋየር ልኩ ይኸው ነበር፦ በቱቦ የሚሠራ፣ 300 ዋት። ሮሊንግ ስቶንስ በዚያው ዓመት አሜሪካን ሲዞሩ ይዘውት ወጥተዋል። አብሮት የሚሄደው ሳጥን ባለ 10 ኢንች 8 ስፒከሮች አሉት፤ ቁመቱም ክብደቱም የፍሪጅ ነው። ደረጃ ላይ የሚያግዝ ሰው ከሌለ፣ ባለ 4 ስፒከር ሁለት ሳጥን ይሻላል ባይ ነኝ። ብቻ ኦሙን እዩ! ባለ 8 ኦም ሁለት ሳጥኖች ጎን ለጎን ሲሰኩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩ ከጀርባው 4 ኦም እችላለሁ ካላለ አትሰኩ፣ ሊቃጠል ይችላል። በቱቦ የሚሠራውን አምፕሊፋየር ደግሞ ስፒከር ሳይሰካ አታስነሱት።

የቤዝ ቁልፉንም እስከ ጥግ አታዙሩት። ለብቻ ሲጫወቱት ያምራል፤ ባንዱ ሲገባ ይዋጣል። ሚዱን፣ ማለትም መካከለኛውን ድምፅ፣ ጨመር እያደረጋችሁ፣ ድራመሩ «አሁን ሰማሁህ» እስኪል ሞክሩ።

(ሙዚቃው ይመለሳል)