አንድ ቀን በኪቶ ከተማ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በጂኦግራፊ ክበብ አባሎች የቀረበ ንግግር)



እኛ የክበቡ አባሎች በካርታና በመጻሕፍት እየተመራን፣ የኤኳዶርን ዋና ከተማ ኪቶን በአንድ ቀን ልናስጐበኛችሁ ተነሥተናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኪቶ በአንዲስ ተራሮች መካከል፣ በፒቺንቻ እሳተ ገሞራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ከአዲስ አበባም ስለምትበልጥ፣ የደጋ ልጅ እንኳ ቢሆን መጀመሪያ ረጋ ብሎ መራመድ ይገባዋል። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗም ቀንና ሌሊቷ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የጐብኚው ሀብት 12 ሰዓት ብቻ ነው። ታዲያ በምን እናውለው?

ብዙ ጐብኚዎች ከከተማዪቱ ወጥተው ወደ ምድር ወገብ ሐውልት ይገሠግሣሉ። ሐውልቱ 30 ሜትር ከፍታ ያለው ያማረ ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን በዘመናዊ መሣሪያ ሲለካ እውነተኛው መሥመር 240 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቆ ተገኝቷል። የእኛ ምክር ግን ቀኑ ለአሮጌው ከተማ ይሰጥ የሚል ነው።

በ2023 ሥራ በጀመረው የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍረን በሳን ፍራንሲስኮ አደባባይ እንወርዳለን። በዚያ ያለው ገዳም ስፔናውያን በ1534 ከተማቸውን ከቈረቈሩ በኋላ ብዙም ሳይቈይ የተጀመረ ነው። ጥቂት እንደ ተራመድን ላ ኮምፓኒያ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን እናገኛለን። በ1605 ተጀምሮ በ1765 ሲፈጸም 160 ዓመት ፈጅቷል። ውስጡ በወርቅ ቅብ ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን ወርቁን ስናደንቅ ያሠሩትን ብቻ ሳይሆን፣ እንጨት የጠረቡትንና ቅቡን የቀቡትን የአገሩን ተወላጆችም ማሰብ ይገባናል።

ቀጥሎ የነጻነት አደባባይ ነው። የኪቶ አርበኞች ነሐሴ 10 ቀን 1809 በስፔን አገዛዝ ላይ ተነሡ፤ በዓመቱ ነሐሴ 2 ቀን ብዙዎቹ በእስር ቤት ሳሉ ተገደሉ። ወደ ማታ ፓኔሲዮ ኰረብታ ወጥተን፣ የዋልንበትን ሁሉ ከላይ ቍልቍል እናያለን።

ኪቶ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከተጻፉት 12 ስፍራዎች አንዷ ናት፤ የእኛ ላሊበላና የሰሜን ተራራ ፓርክም ከእነዚሁ መካከል ናቸው። በ1987 የመሬት መንቀጥቀጥ አሮጌ ሕንፃዎቿን በጐዳ ጊዜ፣ ከተማዪቱ ገንዘብ መድባ አስጠገነቻቸው። እንግዲህ በአንድ መዝገብ አብረን ከተጻፍን፣ ቅርስን በመጠበቅም ከእርሷ ልናንስ አይገባም። ያረጀ ግንብ ባየን ጊዜ፣ ለማፍረስ ከመቸኰላችን በፊት የሠራው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ።