ደማቁ መስመር ሁልጊዜ ይታመናልን? በሌዘር ስለሚተን መዳብ



ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1960 ከሠራ በኋላ፣ በብረት ገጽ ላይ የተሰበሰበ የሌዘር ምት ጥቂት ቁስ አትንኖ እንደሚያነሳ፣ የተነሳውም ተን እንደሚያበራ ለመገንዘብ ብዙ ጊዜ አልወሰደም። የዛሬው ንግግሬ ያንን ብርሃን ስለ ማንበብ ነው።

አንድ የመዳብ ቁራጭ እንውሰድ። የሞገዱ ርዝመት 1064 ናኖሜትር የሆነና ከ5 እስከ 10 ናኖ ሰከንድ ብቻ የሚቆይ ምት በሌንስ ሰብስበን ብናሳርፍበት፣ የምቱ መጀመሪያ መዳቡን አቅልጦ ያተነዋል፤ ተከታዩ ክፍል ደግሞ ተኑን አግሎ ወደ ፕላዝማ ይለውጠዋል። ሙቀቱ ከ10,000 ኬልቪን ሊያልፍ ይችላል። በመጀመሪያ የሚታየው ነጻ ኤሌክትሮኖች የሚፈጥሩት፣ መስመሮችን የሚሸፍን ብርሃን ነው። ስለዚህ መመዝገቢያችን አንድ ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይታገሣል፤ ፕላዝማው ሲቀዘቅዝም የመዳብ አቶሞች መስመሮች ጎልተው ይወጣሉ።

ከእነዚህ እጅግ ብርቱዎቹ በ324.75 እና በ327.40 ናኖሜትር ላይ ያሉት ናቸው። ጀማሪ ተመራማሪ አስቀድሞ የሚመርጠው እነርሱን ነው። ነገር ግን ሁለቱም የሚያርፉት በአቶሙ የመጨረሻ ዝቅተኛ የኃይል ደረጃ ላይ ነው፤ በፕላዝማው ዳር ያሉት ቀዝቃዛ አቶሞችም አብዛኞቹ በዚያው ደረጃ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ከመሐል የወጣውን ብርሃን ዳሩ መልሶ ይውጠዋል። መዳቡ ሲበዛ ብርሃኑ በዚያው ልክ አይጨምርም፤ አንዳንዴም የመስመሩ አናት ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ይህንን ያላስተዋለ መርማሪ መዳብ የበዛበትን ቅይጥ መዳብ ያነሰው አድርጎ ይመዘግባል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የተሳሳተው አንባቢው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ፊታችንን ወደ ደብዛዞቹ አረንጓዴ መስመሮች እንመልስ፤ 515.32 እና 521.82 ናኖሜትር። የሚነሱት ከሞላ ጎደል ከአንድ የኃይል ከፍታ ስለሆነ፣ የድምቀታቸው ንጽጽር በፕላዝማው ሙቀት አይለዋወጥም፤ ከአቶሙ ባሕርይ አስቀድሞ ይሰላል። የለካነው ንጽጽር ከዚህ ካፈነገጠ፣ ብርሃኑ በመንገድ ላይ መዋጡን እንጠረጥራለን። ንጽጽሩ ከጸና ግን እነዚህን መስመሮች ከ510.55 ናኖሜትሩ ጋር አነጻጽረን የፕላዝማውን ሙቀት እናሰላለን።

ከ2012 ጀምሮ በማርስ ላይ ያለችው ኪዩሪዮሲቲ እስከ 7 ሜትር ርቀት ያለን ድንጋይ የምትመረምረው በዚሁ ዘዴ ነው። ቅንብራቸው አስቀድሞ የታወቀ ናሙናዎችን ይዛ የተጓዘችውም ንባቧን የምታመሳክርበት እንዲኖራት ነው። እኛም በቤተ ሙከራችን ስለ ድምቀቱ ብቻ ብለን አንድን መስመር አንመን፤ አስቀድመን እንፈትነው።